ቀፎ ስል ስልክ ማለቴ ነበር

ሽንዲን ሄደው የማያዩ ብዙ ሰዎች ይህን ያነባሉ ብዬ ነው የምጽፈው። ሄደው የሚያዩ ካሉ ደግሞ አደራ፣ እኔን አውቃታለሁ እንዳይሉ።

ሥራዬ ፊዚክስ ማስተማር ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ግን በአንድ የአዲስ አበባ ኤፍኤም ጣቢያ ሩብ ሰዓት ተሰጥቶኝ ስለ ስልክ፣ ስለ ኢንተርኔትና ስለ ሳይንስ ወሬ አሾፋለሁ። ሳይንቲስቶች ቸኮሌት ለልብ ይበጃል ሲሉ አጨበጭባለሁ፤ ከወር በኋላ አይበጅም ሲሉም አጨበጭባለሁ። ስልካችን ሳንጠይቀው ለምን ራሱን እንደሚያድስ፣ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሉት ነገር የማያውቀውን ሁሉ እንዴት እንደሚያውቅ ሆኖ እንደሚመልስ እተነትናለሁ። ከተናገርኩ አይቀር፣ ከዜናዎቹ አብዛኞቹን ከርዕሳቸው አልፌ አላነብም። ሩብ ሰዓት ለመሙላት ርዕሱ ይበቃል።

መስከረም ሊያልቅ ሲል ከቡሬ ተደወለልኝ። ደዋዩ ዘላለም ይባላል፤ መዝሙር፣ ዘፈንና ትረካ በሚሞሪ ካርድ የሚጭን ሱቅ አለው። የእኔንም ፕሮግራም ከቴሌግራም እያወረደ ለገበያተኛው ይጭናል።

«መምህርት፣ እዚህ ሽንዲ መንገድ ላይ አንድ መሪጌታ አሉ። ቅኔዎን ፈቱት እኮ» አለኝ።

«የምን ቅኔ?»

«የቀፎውን ነዋ። ፋዘሩ ከባድ ሰው ናቸው። አገር ምድሩ ስለሱ ነው የሚያወራው። ይምጡና ይዩ እንጂ።»

የቀፎው ነገር እንዲህ ነው። ክረምት ላይ ስለ ስልክ ቫይረስ አንድ ፕሮግራም ሠርቼ ነበር። ስልክን ቀፎ ማለት የተለመደ ነው፤ እኔ ግን የንቡን ቀፎ አመጣሁበትና ተጫወትኩበት። መጀመሪያ የጻፍኩት ሁለት መስመር ብቻ ነበር። ቴክኒሻኑ ከመስታወቱ ጀርባ ሲስቅ ሳይ ጨመርኩበት። እንዲህ ነበር ያልኩት፦ «ወዳጆቼ፣ ቀፏችሁ ታሟል። ቫይረስ ገብቶበታል። ያለ ምክንያት ከጋለ፣ ያለ ምክንያት ከጮኸ፣ ሥራውን ትቶ ከተቀመጠ አትጠራጠሩ። ማስታመም ዋጋ የለውም። ውስጡ ያለውን ሁሉ ጠራርጋችሁ አውጡና ከባዶ ጀምሩ። ማሩ ያሳሳችኋል፣ አውቃለሁ። ማሩን ካቀፋችሁ ግን በሽታውንም አቀፋችሁ። ጤነኛ የሚመስለውንም አትመኑት፤ ተደብቆ ይሆናል።»

ማር ያልኩት ፎቶና ቪዲዮውን ነው። ከዚያ ውጪ አንድም የተሸሸገ ነገር አልነበረበትም። ቢሆንም በቅኔ አገር፣ መሪጌታ የተባሉ ሰው፣ የኔን ወሬ እንደ ቅኔ ቆጥረው ሰሙን ከወርቁ ለዩ ሲባል ደስታዬን አልቻልኩትም። መምህራን ክፍል ገብቼ «ጎጃም ባለቅኔ አለችኝ» ብዬ ለሁሉም አወራሁ። መሪጌታው ወርቁን ምን ብለው ፈቱት ብዬ ግን ዘላለምን አልጠየቅኩትም። አለመጠየቄን ሳስበው እስከ ዛሬ እንደ ትኩስ ነገር ያቃጥለኛል። ከትምህርት ቤት የሳምንት ፈቃድ ለምኜ ጥቅምት ላይ ተነሳሁ።

ማክሰኞ፤ ከአዲስ አበባ ፍኖተ ሰላም

አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት ደንበጫ የምትወርድ ናት፤ በብርድ ልብስ የተጠቀለለ ጠፍጣፋ ቴሌቪዥን ጭኗ ላይ አስቀምጣለች። ረዳቱ ጣራ ላይ ልጫነው ቢላት «አንተን ጣራ ላይ ልጫንህ» አለችው። ስሟን አልጠየቅኳትም፤ ግን ቴሌቪዥኑን እስከ ደንበጫ በየተራ አቅፈን ነው የሄድነው።

«ሶላር ይስበዋል?» ብላ ጠየቀችኝ።

አስተማሪ አይደለሁ? ስለ ዋት፣ ስለ ባትሪ፣ ስለ ፀሐይ አወጣጥ ከሱሉልታ እስከ ፍቼ ተነተንኩላት። ሳበቃ «እና ይስበዋል?» አለችኝ። ሶላርሽን ካላየሁት አላውቅም አልኳት። «እንዲያ በይኛ ከመጀመሪያው» አለችና ዳቦ ቆርሳ ሰጠችኝ።

አባይ በረሃ ስንወርድ ስልኬ ጋለና «ሙቀት በዝቷል» ብሎ ራሱን ዘጋ። ለቀፎ መጋል ለስንቱ ምክር የሰጠሁት ሰውዬ፣ ማለቴ ሴትዮ፣ በትኬቱ ማራገብ ጀመርኩ። ወደ ደጀን ሽቅብ ስንወጣ ደግሞ ጎማ ፈነዳ። ሁላችን ወርደን ፀሐይ ላይ ቆምን። ባለቴሌቪዥኗ ብርድ ልብሱን ፈታችና ግማሹን እኔ ላይ፣ ግማሹን ቴሌቪዥኑ ላይ አለበሰች። አዲስ አበባ የታክሲ ሰልፍ ላይ ዝናብ ሲመጣ ባለጥላው እንዴት ፊቱን እንደሚያዞር አውቃለሁና ነገሩ ከበደኝ። ደንበጫ ስትወርድ ቴሌቪዥኑን እኔ ነኝ ያወረድኩላት።

ፍኖተ ሰላም የደረስነው ከቀኑ አስር ሰዓት አልፎ ነው። የያዝኩት አልጋ ግድግዳው ላይ የዋይፋይ የይለፍ ቃል ተለጥፏል፤ ዋይፋዩ ራሱ ግን ከፋሲካ ወዲህ የለም። የአልጋ ቤቱ ባለቤት ጠና ያሉ ሴት ናቸው። «ወረቀቱን ያልቀደድነው ተመልሶ ይመጣል ብለን ነው» አሉኝ። ውሃም አልነበረም። እኔ የምኖርበት ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይም ውሃ በሳምንት ሁለቴ ነው የሚመጣው፤ ልዩነቱ፣ እዚህ ሴትዮዋ ራሳቸው ሞቅ ያለ ውሃ በባልዲ ይዘው ደረጃውን ወጡልኝ።

«ወዴት ነው መንገድዎ?» አሉኝ።

«ቡሬ። ቅኔዬን የፈቱ አንድ መሪጌታ ዘንድ።»

«እሰይ። ቅኔ ቤት የት ገቡ?»

«እኔስ ሬዲዮ ላይ ነው» አልኳቸው።

አንገታቸውን ነቅነቅ አደረጉና «መልካም» ብለው ባልዲያቸውን ይዘው ወረዱ። እኔ ደግሞ የዚያን ዕለት ሴትዮዋ ሳይገባቸው ቀርቶ ነው ብዬ አለፍኩት።

ረቡዕ፤ ማንኩሳና ቡሬ

ጠዋት በሚኒባስ ወደ ቡሬ ተነሳን። ግራና ቀኙ ኑግ አብቦ ቢጫ ሆኗል። ማንኩሳ ላይ አንድ ሰው ለወንድሙ ይደርሳል የተባለ ጆንያ አምጥቶ ጫነ፤ ጆንያው ውስጥ ምን እንዳለ ማንም አልጠየቀም፣ ቡሬ ላይ ማን እንደሚቀበለው ግን ሁሉም ያውቃል። እኛ ሰፈር ዕቃ የሚያደርስ ወጣት በካርታ እየተመራ፣ ሦስት ጊዜ እየደወለ፣ በር ላይ ቆሞ «የት ነሽ?» ይለኛል። ይህንንም ለቅዳሜ ፕሮግራም ይሆናል ብዬ ማስታወሻዬ ላይ ጻፍኩት።

ዘላለም መናኸሪያው በር ላይ ጠበቀኝ። ቀጭን፣ ፈጣን፣ በየመሀሉ እንግሊዝኛ ጣል የሚያደርግ ሰው ነው። ሱቁ ሁለት ሰው ሲገባበት ይሞላል። ደንበኞቹ ከደረት ኪሳቸው ትንንሽ ሬዲዮ ያወጣሉ፤ ሬዲዮዋ ሚሞሪ ካርድ ታነባለች። አንዱ ገበሬ «ስብከት ሙላልኝና ከላዩ የሴትዮዋን ወሬ አድርግበት» ሲል ሰማሁ። ሴትዮዋ እኔ መሆኔን ዘላለም ሲነግራቸው ሰውየው ባርኔጣቸውን አውልቀው እጅ ነሱኝ። እንዲህ ያለ ክብር ተሰጥቶኝ አያውቅም። ደስ ብሎኝ ዋልኩ።

ረቡዕ ስለሆነ የዘላለም ባለቤት አበባ ሽሮና ጎመን አቀረበችልን። እየበላን ስለ መሪጌታ ይትባረክ ጠየቅኳቸው። በልጅነታቸው ቅኔ ቆጥረው፣ ዜማ ተምረው፣ በኋላ አባታቸው ሲሞቱ ወደ እርሻው የተመለሱ ሰው ናቸው አሉኝ። ሰፈሩ ሲጣላ የሚያስታርቁ፣ ደብዳቤ ሲመጣ የሚያነቡ እሳቸው ናቸው።

«እና ቅኔውን ፈቱት» አልኩ፣ ደግሞ ልስማው ብዬ።

«በተግባር ነዋ የፈቱት» አለ ዘላለም። «እንደተናገሩት አድርገው፣ ሙሉ ሪሴት።»

መሪጌታ ስልካቸውን አጥፍተው አስነሱ ማለት ነው ብዬ ተረዳሁና ሳቅኩ። አበባ ግን አልሳቀችም። «ነገ ያዩታል» ብላ ጎመን ጨመረችልኝ።

ሐሙስ፤ የሽንዲ መንገድ

በባጃጅ እስከሚሄድ ሄድንና ቀሪውን በእግር ገባን። ካርታዬ ኑግ ማሳ መሀል ላይ ሲደርስ «መድረሻዎ ላይ ደርሰዋል» አለኝ። ዘላለም «ካርታው ንብ መስለሽው ነው» ብሎ አሾፈብኝ፤ አንቺ ማለት የጀመረኝ እዚያ ላይ ነው። ተረከዝ ያለው ጫማ አድርጌ መሄዴ ደግሞ ሌላ ጥፋት ነበር። አንዱ ተረከዝ ቦይ ውስጥ ቀረ፤ እያነከስኩ ነው የደረስኩት።

መሪጌታ ይትባረክ ጥምጣማቸውን አስተካክለው በር ድረስ ወጡ። ቀጠን ያሉ፣ እጃቸው ረጃጅም፣ ሲናገሩ የማይቸኩሉ ሰው ናቸው። «እንደምን ከረሙ? መንገዱ አደከመዎ? ይግቡ፣ ይግቡ» እያሉ ጫማዬን አዩና የልጃቸውን የጎማ ጫማ አስመጡልኝ። ጎረቤት ተጠርቶ ኖሯል፤ ቤቱ ሞልቶ ሁሉም ብድግ አለ። እኔ ትምህርት ቤት ክፍል ስገባ እንኳ ብድግ የሚል ተማሪ ከቀረ ቆየ።

ምግቡ ተትረፍርፎ ነበር። እንቁላል፣ አይብ፣ ዶሮ፣ ከዚያ ዳቦ መጣ። ዳቦው ሲመጣ መሪጌታ አንገታቸውን ደፉ።

«በንብ አርቢ ቤት እንግዳ በደረቅ ዳቦ ይሸኛል አይባልም ነበር» አሉ። «ይቅር ይበሉን። ማሩን በቃልዎ መሠረት ቀብረነዋል።»

ዳቦው እጄ ላይ ቀረ። «የቱን ማር?» አልኳቸው።

«የሰባቱን ቀፎ ነዋ።»

ከዚያ አስረዱኝ፤ ተማሪ መምህሩ ፊት እንደሚቆም ሆነው፣ ተራ በተራ። ክረምት ላይ ከሰባቱ ቀፎ የሁለቱ ንብ ደጃፉ ላይ እየወደቀ መሞት ጀመረ። ምን እንደነካው ጨነቃቸው። ያኔ ነው የኔን ወሬ በሬዲዮዋ የሰሙት።

«መጀመሪያ ገረመኝ» አሉ። «ስልክ ይታመማል? ስልክ ማር አለው? ይች ሴት ይህን ያህል የተማረች ሆና ተራ ነገር አትናገርም አልሁ። ሰሙ ስልክ ነው። ወርቁስ? ሦስት ቀን አሰብሁበት። በሦስተኛው ቀን ወርቁ ወለል አለልኝ፤ ንቡ ነው። ሁለቱን ቀፎ አጭሼ ጠራርጌ አወጣሁ። ጤነኛ የሚመስለውንም አትመኑ ብለዋልና አምስቱንም ጨመርሁ። ማሩ አሳስቶኝ ነበር። ማሩ እንደሚያሳሳም ተናግረዋል፤ ይኸ ነው ይበልጥ የገረመኝ።»

ከቤቱ ጀርባ ወሰዱኝ። ሰባት ቀፎ ከጣራው ጥግ ሥር ተሰቅሏል። ድምፅ የለም። በጥቅምት፣ ያ ሁሉ ኑግ አብቦ፣ አንድ ንብ አልነበረም።

እኔ የሳይንስ ሰው ነኝ ባይ ነኝ። ክረምት ላይ የንቡ መሞት ከምን እንደሆነ ቢጠይቁኝ ግምቱ አይጠፋኝም ነበር፤ ገበሬው ማሳው ላይ ፀረ አረም ይረጫል፣ ንቡ ከዚያ ይቀምሳል። ስለዚህ ነገር የሚያወሩ ዜናዎች ስንት ጊዜ በእጄ አልፈዋል። የሚያስቅ ነገር ስላላገኘሁባቸው ርዕሳቸውን አይቼ ትቻቸዋለሁ። ያን ዕለት ያ ሁሉ በአንድ ጊዜ ትዝ አለኝ።

ተመልሰን ገባን። እዚያው ያኔውኑ መናገር ነበረብኝ። አንድ ሽማግሌ «እንዲህ ያለ ቅኔ እንዴት ብሎ ተዘረፈልዎ?» ብለው ጠየቁኝ። ሠላሳ ሰው አፌን ያያል። መሪጌታ ወርቁን ሁሉም ፊት የፈቱ ሰው ናቸው፤ ወርቅ የለውም ብል የሚዋረዱት እሳቸው ናቸው ብዬ ለራሴ ነገርኩት። እውነቱ ግን እሱ ብቻ አልነበረም። ባለቅኔ መባል ጥሞኝ ነበር።

«እንዲያው... እግዜር ያቀበለኝ ነው» አልኩ።

ቤቱ በደስታ አጉረመረመ። ይህን ስጽፍ እንኳ ወረቀቱን ገልብጬ መነሳት አምሮኛል።

ከበሩ አጠገብ ወይዘሮ ሙሉነሽ የሚባሉ ባላቸው የሞቱባቸው ጎረቤት ተቀምጠው ነበር። አራት ቀፎ አላቸው። «መሪጌታ የቅኔው ባለቤት ራሷ መጥታ ትናገር ብለው ነው ያቆዩኝ» አሉ። «የኔም ንብ በክረምት ትንሽ ትንሽ ወድቆ ነበር። እንግዲህ ላውጣው?»

«እስቲ... ትንሽ ይቆዩ» አልኳቸው። ድምፄ ለራሴም አልተሰማኝም።

ወይዘሮ ሙሉነሽ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዘላለም ጋር ወደ ቡሬ ተመለስን። ቤቱ በር ላይ ስንደርስ «መምህርት፣ ስልክ ነበር አይደል ያልሽው?» አለኝ። አዎ አልኩት። እሱም ከመጀመሪያው ያውቅ እንደነበር፣ ግን ጉዳዩ ደስ ብሎት ዝም እንዳለ ነገረኝ። ሁለታችንም አንተያይም ነበር።

ዓርብ፤ እዚያው መንገድ ላይ

ማለዳ በመጀመሪያው ባጃጅ ተመለስን። የጎማ ጫማው እግሬ ላይ ነበር። ኑጉ መሀል ሳለን ከወይዘሮ ሙሉነሽ ግቢ ጭስ ሲወጣ አየሁ።

በኋላ እንደነገሩኝ፣ «ትንሽ ይቆዩ» ያልኩትን እስከ ንጋት ድረስ ይቆዩ ማለቴ ነው ብለው ተርጉመውት ነበር። ትንሽ የምትለው ቃል ሌሊቱ ናት አሉ። እዚህ አገር ተራ ቃል መናገር እንዴት ከባድ እንደሆነ ያኔ ገባኝ።

እየሮጥኩ ስገባ የመጀመሪያው ቀፎ ወርዶ መሬት ላይ ተጋድሟል፤ ወይዘሮ ሙሉነሽ ጭሱን ወደ ቀፎው አፍ አስጠግተዋል። «ይተዉት፣ ቀፎ ስል ስልክ ማለቴ ነው» ብዬ ጮኽኩ። አፌን በሰፊው ከፍቼ ነበርና አንዷ ንብ የላይኛው ከንፈሬ ላይ ነደፈችኝ። አላሳዝንም፤ የሚገባኝ ቦታ ላይ ነው የነደፈችኝ።

ጩኸቱን ሰምተው መሪጌታ መጡ፤ ጎረቤቱም ተከተለ። ከንፈሬ እያበጠ፣ ቃሉ እየተኮላተፈብኝ ነገርኳቸው።

«መሪጌታ፣ ወርቅ የለውም። ስልክ ነው ያልኩት። ማሩ ፎቶ ነው። ሰው እንዲስቅ ብዬ ነው።»

«ትናንትስ?»

«ትናንት ዋሸሁ። ባለቅኔ ሲሉኝ ደስ አለኝ።»

ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ሬዲዮዋን ከጋቢያቸው ሥር አውጥተው አገላበጧት።

«ሰም ብቻ?» አሉ።

«ሰም ብቻ።»

«ሰም ብቻ የሚናገር ሰው መኖሩን አላውቅም ነበር» አሉ። አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

ከኋላ አንዱ ጎልማሳ «እና ሰባቱ ቀፎ ባዶ የቀረው ለስልክ ነው?» አለ። አጉረምራሚው በዛ። መሪጌታ ተነሱ።

«ቀፎውን ያጨስሁት እኔ ነኝ» አሏቸው። «ይች ሴት አዲስ አበባ ተቀምጣ እጄን አልያዘችም። እንግዳ ናት። አንድ ቃል እንዳይሰማ።»

እኔ ማልቀስ ጀመርኩ። በአርባ ስድስት ዓመቴ፣ ከንፈሬ አብጦ፣ በሰው የጎማ ጫማ።

ወይዘሮ ሙሉነሽ ቀፎውን ቦታው ላይ አስመለሱና ከዚያው ቀፎ ማር ያዘለ ትንሽ ሰፈፍ ቆርጠው መጡ። «ለንድፊያው ማር ይቀቡ» ብለው ከንፈሬን በጣታቸው ቀቡልኝ። በዚያ ጉዞ የቀመስኩት ማር እሱ ብቻ ነው፤ ባልደርስ ኖሮ ጉድጓድ ይገባ የነበረው ማር።

ዘላለም «ኮሬክሽን እንቅዳ፣ ለሁሉም ካርድ ላይ እጭነዋለሁ» አለ። ጥሩ ሐሳብ ነበር። በስልኩ ቀዳኝ፦ «ቀፎ ስል ስልክ ማለቴ ነው። ንብ ማለቴ አይደለም። ንባችሁን አትንኩ። ማራችሁን አትቅበሩ። ፀረ አረም ሲረጭ ግን ንቡን ዝጉበት፣ ከሚረጨው ሰው ጋርም ተነጋገሩ።» በመሪጌታ ሬዲዮ አጫወተው። ሰዉ ሁሉ አንገቱን አቅርቦ አዳመጠ። ሲያበቃ ትናንት ስለ ቅኔው የጠየቁኝ ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠራርገው «ንብ አይደለም ሲሉስ፣ ንቡ ማን ነው?» አሉ።

መጀመሪያ የሳቁት መሪጌታ ናቸው። ከዚያ ሁሉም ሳቀ። እኔ ከንፈሬ ስለማይፈቅድልኝ በአፍንጫዬ ሳቅኩ።

ልሰናበት ስነሳ መሪጌታ ከቤታቸው ጀርባ ሄደው ከሰባቱ ቀፎ አንዱን ተሸክመው መጡ። አቧራውን በጋቢያቸው ጠረጉትና በሁለት እጃቸው ሰጡኝ።

«ባዶ ቀፎ ነው፤ ለእርስዎ ይሁን» አሉ። «ሰሙ ስጦታ ነው።»

አመሰገንኳቸው። ጉልበታቸውን ልስም ብል ከለከሉኝ።

ቅዳሜ፤ ወደ ቤት

አበባ ለመንገድ ዳቦ ቋጠረችልኝ። ረዳቱ ቀፎውን ጣራ ላይ ልጫነው ሲለኝ ባለቴሌቪዥኗ ትዝ አለችኝና እምቢ አልኩ። ጭኔ ላይ አደረግኩት። ከቡሬ ጀምሮ ያልጠየቀኝ ተሳፋሪ የለም።

«ማር ነው?»

«ባዶ ነው።»

«ባዶውን ምን ያደርግልሻል?»

«ስጦታ ነው» እላለሁ። ደብረ ማርቆስ ላይ ደግሜ አልኩት፣ ደጀን ላይ ደግሜ አልኩት፤ አባይ በረሃ ስንወርድ ከኋላ የተቀመጡ ቄስ ጠየቁኝና እሳቸውንም እንዲሁ አልኳቸው። ቄሱ ቀፎውን አዩ፣ ያበጠ ከንፈሬን አዩ፣ ከዚያ በመስኮት ማየት ጀመሩ።

ሱሉልታን አልፈን ወደ ከተማው ስንጠጋ ሾፌሩ ሬዲዮ ከፈተ። ቅዳሜ ከሰዓት ነው፤ የኔ ሰዓት። እኔ ስለሌለሁ ባልደረባዬ የድሮ ፕሮግራም አስገብታለች። የትኛውን እንደሆነ ገምቱ።

«ወዳጆቼ፣ ቀፏችሁ ታሟል» አለች የራሴ ድምፅ፣ ጠግባ፣ ደስ ብሏት። ተሳፋሪው መሳቅ ጀመረ። «ውስጡ ያለውን ሁሉ ጠራርጋችሁ አውጡና ከባዶ ጀምሩ» ስትል አጠገቤ ያለው ሰው ጭኔ ላይ ያለውን ቀፎ በክርኑ ነካ አደረገና «ይሄንንም ጠረጉት መሰለኝ» አለኝ። አዎ አልኩት። አውቶቡሱ ሁሉ በእኔ ቀልድ እየሳቀ እኔ ቀፎዬን አቅፌ ቀና ማለት አቃተኝ። ባዶ ቀፎ፣ ለእርስዎ ይሁን። ሆዱ ባዶ፣ አፉ ክፍት የሆነ ነገር ነው የሰጡኝ። ወርቁ እኔ እንደሆንኩ የገባኝ እዚያ ነው።

በሳምንቱ ቅዳሜ ሩብ ሰዓቱን በሙሉ ለዚህ አዋልኩት። የሆነውን ሁሉ ሳልቀንስ ተናገርኩ፤ ቴክኒሻኑ አንዴም አልሳቀም። ከዚያ ወዲህ ዜናዎቹን እስከ መጨረሻቸው አነባለሁ፤ ፕሮግራሙም እንደ ድሮው አያስቅም ይሉኛል። ቀፎው የምቀዳበት ክፍል ውስጥ ከጠረጴዛዬ ፊት ለፊት ተሰቅሏል።

ኅዳር ላይ ለመሪጌታ በዘላለም ስልክ ደወልኩላቸው። ጤናቸውን፣ ወይዘሮ ሙሉነሽን፣ አዝመራውን ጠየቅኩ። ወይዘሮ ሙሉነሽ ማር ቆርጠው ለመሪጌታም አካፍለዋቸዋል።

«የእርስዎ ንቦችስ?» አልኩ።

«አልተመለሱም። ስድስቱን ቀፎ አጥኜ ዛፍ ላይ ሰቅያለሁ። የሚገባ መንጋ ካለ ይገባል።»

ከዚያ ሳመነታ ቆይቼ ጠየቅኳቸው። «መሪጌታ፣ ቀፎውን ሲሰጡኝ ሰሙ ስጦታ ነው ብለውኝ ነበር። ወርቁ እኔ ነኝ አይደል? ቢሰድቡኝም ይገባኛል፤ ይንገሩኝ።»

ከኋላቸው የገበያው ጫጫታ ይሰማል።

«ወርቅ የለውም ልጄ» አሉኝ። «ሰም ብቻ ነው።»

ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ሦስት ቀን አሰብኩበት።